ከኮንቱር የተሠራ የመሬት ሰርፌስ እንዴት ይስተካከላል?

ከ1፡50,000 ካርታ ላይ ኮንቱር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር) ቀድታችሁ የሠራችሁት ሰርፌስ (የመሬቱ ገጽ የኮምፒውተር ሞዴል) ሸንተረሩ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ፣ የኮረብታው አናት የተገመጠ፣ የወንዙ መሄጃ ቦታ ቦታው ላይ ሜዳ የሆነ ከመሰለ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ አይደለም። ሶፍትዌሩ ሰርፌሱን የሚሠራው ነጥቦቹን በትሪያንግል እያያያዘ ነው፤ ሦስቱም ማዕዘኖቹ አንድ ኮንቱር ላይ ያረፉ ትሪያንግል ጠፍጣፋ ከመሆን ውጭ ሊሆን አይችልም። እንዲህ ያሉት የሚበዙት ደግሞ ኮንቱሩ በሚታጠፍበት በሸለቆና በሸንተረር ላይ ነው።

መጀመሪያ ከፍታዎቹን አጣሩ። በኮንቱሮቹ መካከል ያለው ልዩነት 20 ሜትር ከሆነና ረዳት ኮንቱር (በዋናዎቹ መካከል የሚሳል ተጨማሪ መስመር) ከሌለ፣ ለ20 የማይካፈል ከፍታ ሁሉ ስህተት ነው። ዜሮ ሆነው የቀሩትንም ፈልጉ። 2,240 የነበረው 2,420 ተብሎ ቢጻፍ ግን ማካፈሉ አያጋልጠውም፤ በ3ዲ ስታዩት እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል። መስመሮቹን ስታስገቡ በነጥብነት ሳይሆን በኮንቱርነት ይሁን፤ አለዚያ ትሪያንግሎቹ ኮንቱሩን እያቋረጡ ያልፋሉ።

ዋናው ሥራ የሸለቆና የሸንተረር መስመር መጨመር ነው። የወንዙን መሄጃ ተከትላችሁ 3ዲ ፖሊላይን (በየነጥቡ ከፍታ የሚሰጠው መስመር) ሳቡ፤ ኮንቱር በሚነካበት ቦታ ሁሉ የዚያን ኮንቱር ከፍታ ስጡት። በመካከል ያለውን አካፍሉ፦ ከ2,160 እስከ 2,140 ያለው የወንዝ ርዝመት 400 ሜትር ከሆነ በየ100 ሜትሩ 2,155፣ 2,150 እና 2,145 ይሆናል። ከዚያ በብሬክላይንነት (ትሪያንግሎች በማያቋርጡት መስመርነት) ጨምሩት። ነጥቡ ኮንቱሩ ላይ በትክክል ካላረፈ ሁለቱ መስመሮች በተለያየ ከፍታ ይቋረጣሉና ስናፕ (ነጥቡን መስመሩ ላይ በትክክል የሚያሳርፈውን) ሳታበሩ አትሳቡ። ሸንተረሩም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

ለኮረብታ አናት ካርታው ላይ የተጻፈውን የከፍታ ነጥብ አስገቡ። ከሌለ ከመጨረሻው ኮንቱር በላይ፣ ግን 20 ሜትር የማይሞላ ግምት ስጡና ግምት መሆኑን መዝግቡ። አምባ ከሆነ አናቱ በእውነትም ሜዳ ነው፤ ጉልላት አታድርጉት። ሲቪል 3ዲ በተባለው ሶፍትዌር ውስጥ ያለው ጠፍጣፋ ቦታ መቀነሻ የሚሠራው ከኮንቱሩ ቅርጽ በመገመት ስለሆነ ከብሬክላይኑ በኋላ ተጠቀሙበት።

በአርክጂአይኤስ (የካርታ ሶፍትዌር) ውስጥ ባለው፣ ከኮንቱር ሰርፌስ በሚሠራው ቶፖ ቱ ራስተር ለምትሠሩ፣ የወንዝ መስመሮች ሁሉ የተሳሉበት አቅጣጫ ወደ ቁልቁል መሆን አለበት።

በዳር በኩል የተዘረጉትን ረጃጅም ትሪያንግሎች በድንበር መስመር ቁረጡ። በመጨረሻ ከሰርፌሱ በየ5 ሜትሩ ኮንቱር አውጥታችሁ ከዋናው ጋር ደርቡ፤ ሳታስገቡ ካስቀራችኋቸው ጥቂት የከፍታ ነጥቦች ጋርም አነጻጽሩ። ልዩነቱ ከ10 ሜትር ያለፈበት ቦታ ብሬክላይን ጎድሎታል ወይም ከፍታው ተሳስቷል።