የገንዳው ውሃ በአንድ ሌሊት የሚቀዘቅዝበት ምክንያትና መፍትሔው

ችግሩ ይህ ነበር፦ 40 ሜትር ኩብ የሚይዝ የቤት መዋኛ ገንዳ ቀን ውሃው በውስጡ እያለፈ በሚሞቅበት የፀሐይ ፓነል 2 ዲግሪ ይሞቃል፤ ሲነጋ ግን ሙቀቱ የለም። ጥፋቱ የማሞቂያው አቅም ማነስ ይመስል ነበር፤ አልሆነም።

ገንዳ ሙቀቱን የሚያጣው በአብዛኛው በትነት ነው። 1 ሊትር ውሃ ሲተን 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይዞ ይሄዳል። 1 ሜትር ኩብ ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ደግሞ 1.16 ብቻ ነው። ስለዚህ ከትልቅ ማሞቂያ በፊት የሚገዛው ሽፋን ነው። ባለ አረፋው ፕላስቲክ፣ አረፋው ወደ ውሃው ዞሮ፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ገጥሞ ይዘርጋ።

ሁለተኛው ስህተት ቫልቩ ላይ ነበር። ከፓነሉ የሚመለሰው ውሃ እንዲፋጅ ተብሎ ጠቦ ነበር። እጅ ሲነካው ደስ ይላል፤ የጋለ ፓነል ግን ሙቀቱን ለአየሩ ይበትናል። በመግቢያና በመውጫ ቱቦው መካከል ያለው ልዩነት ከ1 እስከ 3 ዲግሪ እስኪሆን ቫልቩ ተከፈተ። ፓምፑም ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲቆም ታይመር ተገጠመለት፤ ሌሊት ከሠራ ያው ፓነል ማቀዝቀዣ ይሆናል።

ፀሐይ ለማይበቃው ሂት ፓምፕ፣ ማለትም ከአየሩ ሙቀት ስቦ ለውሃው የሚሰጥ ማሽን፣ ይሻላል። ይህን ገንዳ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ 46 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ብቃቱ 5 የሆነ፣ ማለትም ከሚበላው ኤሌክትሪክ 5 እጥፍ ሙቀት የሚሰጥ ሂት ፓምፕ ግን 9 ገደማ። አየሩ ሲቀዘቅዝ ብቃቱ ስለሚወርድ በቀኑ ሞቃት ሰዓት ይሥራ። ክሎሪን መጨመሪያው ምንጊዜም ከማሞቂያው በኋላ ይገጠም፤ ከፊት ከሆነ የውስጡን ብረት ይበላዋል።