ከኩዊን ዘፈኖች የራስዎን ምርጥ ዐሥር እንዴት መምረጥ ይቻላል?

አንድን የሮክ ባንድ ለዓመታት ሲያደምጥ የኖረ ሰው «ከዘፈኖቻቸው አብልጠህ የምትወደው የትኛውን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ወይ ሁሉም የሚያውቀውን ይጠራል፣ ወይ ደግሞ አዋቂ ለመባል ማንም ያልሰማውን ይጠቅሳል። ሁለቱም መልሶች ጠያቂውን ታስበው የተሰጡ እንጂ የመላሹን ጆሮ ያማከሩ አይደሉም። ቀጥሎ የሚቀርበው አካሄድ የእንግሊዙን ባንድ ኩዊንን ይዞ የራስን ዐሥር ዘፈኖች ለመለየት የሚረዳ ነው። ኩዊንን መምረጥ በተለይ ከባድ የሚሆነው አራቱም አባላት፣ ማለትም ፍሬዲ መርኩሪ፣ ብራያን ሜይ፣ ሮጀር ቴይለርና ጆን ዲከን፣ እያንዳንዳቸው ዝነኛ ዘፈን የደረሱ በመሆናቸው ነው። ዓመታቱና ቀናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የምርጥ ሥራዎች ስብስቦችን ወደ ጎን ያድርጉ። በ1981 የወጣውና 17 ዘፈኖችን የያዘው «ግሬተስት ሂትስ» በብሪታንያ ታሪክ ከፍተኛ ሽያጭ ያገኘ አልበም ነው፤ ባንዱን ለመተዋወቅም ጥሩ በር ነው። ነገር ግን በዚያ በር ብቻ የገባ ሰው የሚመርጠው ሌሎች ከመረጡለት ላይ ነው። በምትኩ ከ1973 እስከ 1995 የወጡትን 15 የስቱዲዮ አልበሞች በወጡበት ቅደም ተከተል ይደርድሩና ዘፈን ሳይዘሉ፣ ቅደም ተከተሉንም ሳያዘበራርቁ ያዳምጡ። ለአንድ አልበም ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቢሰጡት ሥራው ከአንድ ወር በላይ ይወስዳል፤ መቸኮል አያስፈልግም። ቅደም ተከተሉ ለምን እንደሚጠቅም ሁለተኛው አልበም በደንብ ያሳያል፤ የሸክላው ሁለት ገጾች «ነጭ» እና «ጥቁር» ተብለው የተሰየሙ ሲሆን ነጩ በአብዛኛው የሜይ፣ ጥቁሩ ሙሉ በሙሉ የመርኩሪ ድርሰት ነው። በጥቁሩ ገጽ ላይ አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ወደ ሌላው ይፈስሳልና ተነጥሎ የተሰማ ዘፈን ግማሽ ጉልበቱን ያጣል።

ሲያደምጡ የዘፈኑን ስም፣ የደራሲውን ማንነትና ጆሮዎ የቆመበትን ደቂቃ ብቻ በማስታወሻ ይያዙ። ነጥብ አይስጡ። እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ ለእያንዳንዱ ዘፈን ከዐሥር ነጥብ እየሰጠሁ ነበር የሄድኩት፤ መጨረሻ ላይ ዘጠኝ ያገኙ ነገር ግን ደግሜ ልሰማቸው የማልፈልጋቸው ዘፈኖች ዝርዝሩን ሞልተውት አገኘኋቸው።

ሁለተኛው ሥራ በማስታወሻው የተያዙትን ዘፈኖች በደራሲ መለየት ነው። ይህን ያላደረገ አድናቂ ዝርዝሩ በመርኩሪ ዘፈኖች ብቻ ይሞላበታል፤ የመሪ ድምፃዊው ግርማ ሌሎቹን ስለሚጋርድ ነው። ከመርኩሪ ወገን አምስት ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ ሙሉ አንድም ጊዜ የሚመለስ አዝማች የሌለው «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» (1975) አለ፤ ለአሜሪካዊቷ የሶል ድምፃዊት አሪታ ፍራንክሊን ከነበረው አድናቆት የመነጨውና የሦስት ሰዎች ድምፅ በላይ በላይ እየተቀረጸ እንደ ትልቅ የመዘምራን ቡድን እንዲሰማ የተደረገበት «ሰምባዲ ቱ ላቭ» (1976) አለ። ሜይ ደግሞ በእግር ምትና በጭብጨባ ብቻ የሚጓዘውን፣ ጊታሩም ወደ መጨረሻው ብቻ የሚመጣውን «ዊ ዊል ሮክ ዩ» (1977) የጻፈ ሰው ነው። ያው ሰው «ሰርቲ ናይን» በተባለው ዘፈኑ ለእነሱ አንድ ዓመት ብቻ አልፎ ምድር ላይ ግን ዘመን ተለውጦ የሚጠብቃቸውን የጠፈር ተጓዦች ታሪክ በባህላዊ ዘፈን ለዛ ይተርካል። ሜይ ለሙዚቃ ሲል ያቋረጠውን የአስትሮፊዚክስ (የከዋክብትና የጠፈር ፊዚክስ) ጥናት በ2007 በዶክትሬት መፈጸሙን የሚያውቅ አድማጭ ግጥሙን በሌላ ጆሮ ይሰማዋል። ዝምተኛው የቤዝ ተጫዋች ዲከን ለባለቤቱ የጻፈው «ዩር ማይ ቤስት ፍሬንድ» እና በ1980 በአሜሪካ አንደኛ የሆነው «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት» የእሱ ናቸው። ቴይለር «ሬዲዮ ጋ ጋ»ን (1984) ሰጥቷል። ይሁን እንጂ ከ1989ኙ «ዘ ሚራክል» ጀምሮ ባንዱ ድርሰቶቹን በጋራ ስሙ ማስመዝገብ ስለጀመረ ለመጨረሻዎቹ አልበሞች ይህ አከፋፈል አይሠራም። የአከፋፈሉ ዓላማ ለእያንዳንዱ አባል ኮታ መስጠት አይደለም፤ ሳይሰሙት ያለፉት ሰው እንዳይኖር ማረጋገጥ ነው።

ቀጥሎ የሚያከብሩትን ከሚወዱት ይለዩ። ከሁሉም ደረጃዎች የሚከብደው ይህ ነው። መለያው ቀላል ጥያቄ ነው፦ ምንም የተለየ ነገር በሌለበት ምሽት፣ ማንም በማይሰማበት፣ እጅዎ ወደዚህ ዘፈን ይሄዳል? ለብዙ ሰው «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ዘፈኑ ደክሞ ሳይሆን ጆሮ ከመልመዱ የተነሳ መስማት ስላቆመ ነው። እንዲህ ያለውን ዘፈን ከመጣልዎ በፊት አንድ ወር ሙሉ ሳይሰሙት ይቆዩ፤ ከዚያም በጆሮ ማዳመጫ መሐል ያለውን የኦፔራ ክፍል ብቻ ያድምጡ። መርኩሪ፣ ሜይና ቴይለር ድምፃቸውን ደጋግመው እየቀረጹ ያነባበሩት በዚያ ክፍል ነው፤ የመቅረጫው ክር ከመደጋገም ብዛት ሳስቶ ብርሃን እስከማሳለፍ መድረሱን የባንዱ አባላት ራሳቸው ተናግረዋል። ከዚህም በኋላ ልብዎ ካልተነሳሳ ያለ ጸጸት ያስወጡት።

ከዚያ የትኛውን ቅጂ እንደመረጡ ይወስኑ። «ላቭ ኦቭ ማይ ላይፍ» በ1975ቱ አልበም ላይ በፒያኖና በበገና የታጀበ ለስላሳ ዘፈን ነው፤ በመድረክ ላይ ግን በሜይ አኮስቲክ ጊታር ብቻ እየታጀበ ሕዝቡ ከመርኩሪ ጋር የሚያዜመው ሌላ ነገር ሆኗል። በ1979 የወጣው የመድረክ አልበም «ላይቭ ኪለርስ» ይህን ቅጂ ይዟል። በዝርዝርዎ ላይ የዘፈኑን ስም ብቻ ሳይሆን ቅጂውንም ይጻፉ።

አሁን ምናልባት አርባ ያህል ዘፈኖች በእጅዎ ይኖራሉ። ወደ ዐሥር ለማውረድ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩትን ጎን ለጎን አስቀምጦ አንዱን ብቻ መያዝ ይበጃል። ሕዝብ በአንድ ድምፅ እንዲዘፍናቸው የተሠሩት «ዊ አር ዘ ቻምፒየንስ» እና «ሬዲዮ ጋ ጋ» አንድ ቦታ ይሻማሉ፤ እኔ ሁለተኛውን ይዣለሁ። በሕመም ጥላ ሥር የተቀረጹትን ማወዳደር ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። «ዘ ሾው መስት ጎ ኦን» የ1991ዱን «ኢንዌንዶ» የሚዘጋ ዘፈን ሲሆን መርኩሪ እጅግ ታሞ ሳለ የዘፈነው ነው፤ ነጠላ ዜማው በጥቅምት ወጣ፣ እሱም ኅዳር 24 ቀን 1991 አረፈ። «ማዘር ላቭ» ደግሞ በመሪ ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ የቀረጸው ነው፤ ሊጨርሰው ሳይመለስ በመቅረቱ የመጨረሻውን ስንኝ ሜይ ዘፍኖታል፤ ዘፈኑም በ1995 «ሜድ ኢን ሄቨን» ላይ ወጣ። እንዲህ ያለው ታሪክ ለዘፈኑ ዳኛ እንዲሆን መፍቀድ አይገባም። ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ብታሰሙት ዜማው ብቻውን ይይዘዋል ወይ ብለው ይጠይቁ። በእኔ ሚዛን የመጀመሪያው ዘፈን ሐዘኑን በድል አድራጊነት ይሸፍነዋል፤ ሁለተኛው ግን ድምፁ ከመርኩሪ ወደ ሜይ ሲሻገር ምንም ሳይነግረን ሁሉን ይነግረናል። ስለዚህ በዝርዝሬ ውስጥ የቆየው ሁለተኛው ነው።

ዐሥሩ ከተለዩ በኋላ ቅደም ተከተላቸውን ያውጡ። ለዚህ ከራሱ ከባንዱ የተሻለ አስተማሪ የለም። በኢትዮጵያ ለደረሰው ረኃብ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሐምሌ 13 ቀን 1985 በለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም በተካሄደው የ«ላይቭ ኤይድ» ዝግጅት ላይ ኩዊን ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ነበረው፤ በዚህም ስድስት ዘፈኖችን አሰምቷል። የ«ቦሂሚያን ራፕሶዲ»ን የፒያኖ ክፍል ጀምረው ኦፔራው ላይ ሳይደርሱ ቆረጡት፤ ወዲያው ሕዝቡ እጁን ከራሱ በላይ አንሥቶ ወደሚያጨበጭብበት «ሬዲዮ ጋ ጋ» ተሻገሩ። «ሐመር ቱ ፎል» ፍጥነት ጨመረ፤ «ክሬዚ ሊትል ቲንግ ኮልድ ላቭ» ትንፋሽ ሰጠ፤ «ዊ ዊል ሮክ ዩ» አጠር ብሎ ወደ «ዊ አር ዘ ቻምፒየንስ» አሸጋገረ። የታወቀውን በፊት አምጥተው ግን እንዳልጨረሱት፣ ዕረፍቱንም ከመሐል በኋላ እንዳስገቡት ልብ ይሏል።

የእኔ ዝርዝር በዚህ መንገድ «ዶንት ስቶፕ ሚ ናው»፣ «ዩር ማይ ቤስት ፍሬንድ»፣ «ሰምባዲ ቱ ላቭ»፣ «ሰርቲ ናይን»፣ «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት»፣ ከስምንት ደቂቃ በላይ የሚረዝመው «ዘ ፕሮፌትስ ሶንግ»፣ «ላቭ ኦቭ ማይ ላይፍ» በመድረኩ ቅጂ፣ «ሬዲዮ ጋ ጋ»፣ «ማዘር ላቭ»፣ በመጨረሻም ከአንድ ወር ዝምታ በኋላ የተመለሰው «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ሆነ። ስድስተኛውና ሰባተኛው በአልበማቸውም ላይ ተከታትለው የመጡ በመሆናቸው ልነጣጥላቸው አልደፈርኩም።

በመጨረሻ ከእያንዳንዱ ዘፈን ጎን የመረጡበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉና ቀኑን ያስፍሩ። ምክንያቱን መጻፍ ያቃተዎት ዘፈን ካለ እንደገና ያድምጡት። ከዓመት በኋላ ዝርዝሩን ሲከልሱ የሚወጣውን ዘፈን ፈጽመው አያጥፉት፤ ከነምክንያቱ ከገጹ ግርጌ ያቆዩት፤ የዲከን «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት» ከእኔ ገጽ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለቴም የተመለሰው ከዚያው ግርጌ ነው።