የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ዕቃ ቤት እንዴት እንጎብኝ?

ኡራ ኪዳነ ምሕረት በጣና ሐይቅ ዳር ባለችው በዘጌ የሚገኝ ገዳም ነው፤ ዕቃ ቤቱም የነገሥታት ዘውድና የብራና መጻሕፍት የሚጠበቁበት ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ ዘጌ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የነገሥታቱን ዘውድ አይቶ ወዲያው ይመለሳል። ይህ ያሳዝነኛል፤ የአገሩ ታሪክ ያለው ከዘውዱ ይልቅ በብራናው ላይ ነውና።

በዋዜማው ወደ ጀልባ ማረፊያው ወርዳችሁ ዋጋ ተነጋገሩ። ጀልባው ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁና የት የት እንደሚያቆም አብራችሁ ቁረጡ፤ ጭቅጭቅ የሚነሣው እዚያ ላይ ነው። ጠዋት 1 ወይም 2 ሰዓት ላይ ተነሡ። ጣና ማለዳ ይረጋል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ያናውጠዋል። መንገዱ አንድ ሰዓት ያህል ነው። የደንገል ታንኳ ካያችሁ ነጂው ሞተሩን እንዲያቀዘቅዝ ንገሩት፤ ማዕበላችን ቀዛፊውን ያስቸግረዋል።

ሴቶች አብረዋችሁ ካሉ በሐይቁ ደሴቶች ላይ ወዳሉት ገዳማት፣ ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ የሚገቡት ወንዶች ብቻ መሆናቸውን አስቀድማችሁ ዕወቁ። ኡራ ኪዳነ ምሕረትና ሌላው የደሴት ገዳም እንጦስ ኢየሱስ ሴቶችንም ይቀበላሉ።

ከሐይቁ ዳር ሽቅብ የሚወጣው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ያልፋል። ቀስ ብላችሁ ውጡ። የዘጌን ገዳም የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በሬ ጠምዶ ማረስን ከልክለው፣ ሕዝቡ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ እንዲተዳደር አዘዙ ይባላል። ዘጌ በደን እንደተሸፈነች የቆየችው በዚህ ቃል ነው ብለው ነዋሪዎቹ ይናገራሉ።

መግቢያውን ከፍላችሁ ደረሰኝ ያዙ። ወደ ዕቃ ቤቱ ከመሄዳችሁ በፊት ነጠላ ለብሳችሁ፣ ጫማ አውልቃችሁ ቤተ ክርስቲያኑ ግቡና የመቅደሱን ግድግዳ ዙሩ። የበላኤ ሰብን ሥዕል ፈልጉ። 78 ሰው በልቶ፣ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ የዳነው እሱ ነው። የካቲት 16 ቀን የሚከበረውን፣ ክርስቶስ በእመቤታችን ስም የሚለምኑትን ሊምር ቃል ኪዳን የገባበትን የኪዳነ ምሕረትን በዓል ያወቀ ሰው ሥዕሉ ለምን እዚህ እንዳለ ወዲያው ይገባዋል።

ከዚያ ዕቃ ቤቱ። ጠባቂውን አባት «ይፍቱኝ አባቴ» ብላችሁ መስቀል ተሳለሙ፤ ጥያቄው ከዚያ በኋላ ይቀላል። ብራናውን እሳቸው ይግለጡላችሁ እንጂ እጃችሁን አታስገቡ፣ የካሜራ መብራትም አታብሩ፤ ቀለሙን ይጎዳዋል። መስመር ለማስመር የተወጋውን ቀዳዳና በቀይ ቀለም የተጻፉትን የቅዱሳን ስሞች ተመልከቱ። ቀጥሎ ይህን ጠይቁ፦ «አባቴ፣ በባዶው ቅጠል ላይ የተጻፈ ነገር አለ?» በአገራችን የርስት ስጦታና ውል የሚሰፍረው በወንጌል ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ነበር። ማን ለገዳሙ ምን እንደሰጠ፣ እነማን ምስክር እንደነበሩ የሚነግራችሁ ያ ጽሑፍ ነው። ግእዝ የማታነቡ ከሆነ ትርጉሙን ለምኑ፤ ጊዜ ካላቸው አይከለክሏችሁም።

ስትመለሱ መንገድ ዳር ከሚሸጡት እናቶች ያልተቆላ የዘጌ ቡና ግዙ። ከ6 ሰዓት በፊት ጀልባው ላይ ሁኑ።