ቁምሳጥኑ ሙሉ፣ የሚለበስ የለም፦ ችግርና መፍትሄ ለደብረ ብርሃን ብርድ

ደብረ ብርሃን ላይ ልብስ መመረጥ ያለበት ከላይኛው ጀምሮ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት ሣሩን ውርጭ ያለብሰዋል። ስለዚህ ሰው የሚያየው ጃኬታችንን፣ ሹራባችንን ወይም ጋቢያችንን ነው። ብዙዎቻችን ግን ስንገዛም ስናማርጥም የምንጨነቀው ከስር ለሚውለው ሸሚዝ ነው። ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚሁ ነው፤ ያለ አዲስ ልብስም ይፈታሉ።

ችግር፦ ልብስ ሞልቶኛል፣ ግን ምኑን ከምን እንደምለብስ ግራ ይገባኛል።

መንስኤው ዝንጉርጉሩና ጽሑፍ ያለበት በዝቶ ባለ አንድ ቀለሙ ማነሱ ነው። በተለይ ሰልቫጅ ስናገላብጥ ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው ደማቁ ላይ ነው።

መፍትሄ፦ ሁሉንም አልጋ ላይ አውጡት። መጀመሪያ ጃኬቱንና ሹራቡን ዘርጉ፤ ለእያንዳንዱ የሚስማማ ሱሪ ወይም ጉርድ ፈልጉለት፤ ሸሚዙ መጨረሻ ይምጣ። ዝንጉርጉር ነገር በአንድ አለባበስ ከአንድ አይብለጥ፤ የቀረው ከእሱ ቀለሞች አንዱን ይያዝ። 5 ሸሚዝና 3 ሱሪ ሁሉም እርስ በርስ ከተስማሙ 15 ዓይነት አለባበስ ይወጣቸዋል። የተስማማውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ በዚያ ብርድ ጠዋት ቆሞ የሚያማርጥ የለም።

ችግር፦ ነጠላዬ ታጥቦም የቆሸሸ ይመስላል።

ይህን ብዙ እህቶች ይሉታል፤ ነጠላው ግን ምንም አልሆነም። ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ወደ ቅቤ ቀለም ያደላል፤ የፋብሪካ ነጭ ሸሚዝ ደግሞ ወደ ሰማያዊ። ሁለቱ ሲጎራበቱ ሸሚዙ ያበራል፣ ነጠላው ይደበዝዛል።

መፍትሄ፦ ከስር ቡናማ፣ ግራጫ ወይም ጥቁር ሰማያዊ ሹራብ ልበሱ፤ ነጠላው ወዲያው ይፈካል። ከጥለቱ ቀለሞች ደብዘዝ ያለውን መርጣችሁ ሹራቡን ከእሱ ጋር ብታገጥሙትማ የበለጠ ያምራል። የበዓሉ የሐበሻ ቀሚስም እስከ ፋሲካ ተጣጥፎ አይቀመጥ፤ ከላዩ ባለ አንድ ቀለም ሹራብ ሲደረብበት ጥለቱ ከታች ብቻ ይታያል፣ ለአዘቦትም የሚሆን ጉርድ ይመስላል።

ችግር፦ ስደራርብ ድብልብል እላለሁ።

ወፍራም በወፍራም ላይ ስለተለበሰ ነው። ቀጭኑ ወደ ገላ፣ ወፍራሙ ወደ ውጭ ይሁን። የመንዝ በርኖስ ያለው ሰው ከስር ወፍራም ሹራብ አያስፈልገውም፤ የበግ ጠጉሩ ብቻውን ይበቃዋል።

ችግር፦ ጠዋት ስነሳ እንቀጠቀጣለሁ፣ ሸዋ ሮቢት ስደርስ በላብ እጠመቃለሁ።

መንገዱ ጣርማ በር ላይ ጭራሽ ይበርዳል፤ ከዚያ በደብረ ሲና አድርጎ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ችግሩ ሙቀቱ ሁሉ በአንገት በሚጠለቅ አንድ ወፍራም ሹራብ ውስጥ መሆኑ ነው፤ ሰው በተጨናነቀበት መኪና ውስጥ እሱን ማውለቅ ፈተና ነው።

መፍትሄ፦ ሙቀቱን ለሁለት ክፈሉት። ከገላ ቀጥሎ እጅጌው አጭር የጥጥ ቲሸርት፣ ከላዩ ከፊት በአዝራር የሚከፈት ስስ ሹራብ፣ ከዚያ ባለ ዚፕ ጃኬት። ደብረ ሲና ላይ ጃኬቱ፣ ከዚያ ወረድ ሲባል ሹራቡ ይወልቃል። ስለዚህ ቲሸርቱ ብቻውን ከሱሪው ጋር የሚያምር ይሁን።

ችግር፦ ጥቁር ሱሪዬ ከጥቁር ጃኬቴ ጋር አልሄድ አለ።

አንዱ ፀሐይ በልቶት ነው። ጃኬቱን በግራጫ ቀይሩት። ወደፊት ጥቁር ልብስ ገልብጣችሁ እጠቡ፣ ጥላ ላይ አስጡ።

ይህ ሁሉ ሆኖ የጎደለ ነገር ካለ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ባለ አንድ ቀለም ሹራብ ነው። ገበያ ስትወጡ የሚገጥመውን ሱሪ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ሹራቡንም ከሻጩ ሸራ ስር አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ ከሱሪው ጎን እዩት። በሰማያዊ ሸራ ስር ግራጫው ሁሉ ሰማያዊ ይመስላል።