በዌብ አፕ ውስጥ መስኮት ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ብሮውዘር ውስጥ የሚጎተት መስኮት ለመሥራት ግማሽ ቀን ይበቃል። ሰው የሚያምነው መስኮት መሥራት ግን ጊዜ ይወስዳል። ተጠቃሚው መስኮቱን ትቶት በሄደበት ቦታ፣ እንደተወው ሆኖ ማግኘት ይፈልጋል። ከታች ያሉት ስህተቶች በሙሉ ይህን እምነት ያፈርሳሉ።

በጣም የተለመደው የማውሱን እንቅስቃሴ መስኮቱ አናት ላይ ባለው አሞሌ ብቻ መከታተል ነው። ቀስ ብለው ሲጎትቱ ይሠራል። ፈጠን ሲሉ ግን ጠቋሚው ከአሞሌው ያመልጥና መስኮቱ መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ውስጡ አይፍሬም (ሌላ ገጽ የሚታይበት ክፈፍ) ካለ ይብሳል፤ ጠቋሚው እዚያ ከገባ እንቅስቃሴውን የሚሰማው የውስጡ ገጽ ነው። ፖይንተር ኢቨንት (የማውስንም የጣትንም እንቅስቃሴ በአንድነት የሚያሳውቀውን የብሮውዘር መልእክት) ተጠቀሙ። አሞሌው ሲጫን «ሴት ፖይንተር ካፕቸር» የሚባለውን ትእዛዝ አስፈጽሙ፤ እስኪለቀቅ ድረስ እንቅስቃሴው ሁሉ ወደ አሞሌው ይመጣል። ለንክኪ ስክሪን ደግሞ የአሞሌውን «ተች አክሽን» የሚባል ቅንብር «ነን» (ምንም) አድርጉት፤ ካልሆነ ብሮውዘሩ መጎተቱን ገጽ ማንሸራተት አድርጎ ይወስደዋል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ቀጣዩ ነው። የተነካውን መስኮት ወደ ፊት ለማምጣት ኤለመንቱን (መስኮቱን የያዘውን የገጹን ክፍል) «አፔንድ ቻይልድ» በሚባለው ትእዛዝ አንስተው ከሌሎቹ መስኮቶች መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጡ አሉ። መስኮቱ ውስጥ ያለ አይፍሬም እንዲህ ሲነሳ እንደ አዲስ ይጫናል። ሰውዬው ግማሽ ድረስ የሞላው ፎርም በአንዲት ክሊክ ድራሹ ይጠፋል! ኤለመንቱን ካለበት አትንኩት። የመስኮቶቹን ቅደም ተከተል በዝርዝር ያዙና ዜድ ኢንዴክሱን (የትኛው ከላይ እንደሚታይ የሚወስነውን ቁጥር) ከ1 ጀምራችሁ በዚያው መሠረት ስጡ። 9999 እያሉ መሽቀዳደም አያስፈልግም።

የመስኮቱን ቦታ በሎካል ስቶሬጅ (በብሮውዘሩ ማከማቻ) ማስቀመጥ ጥሩ ነው። ነገር ግን የውጭ ሞኒተር የተነቀለበትን ላፕቶፕ አስቡ። ከግራ 1800 ፒክስል ላይ የነበረው መስኮት 1366 ፒክስል በሆነ ስክሪን ላይ የለም። ተጠቃሚው ሥራው የጠፋ ይመስለዋል። መስኮቱ ሲከፈትም፣ ብሮውዘሩ ሲጠብም አሞሌው እጅ የሚደርስበት ቦታ መሆኑን አረጋግጡ።

በጉተታ ጊዜ የቦታ ቅንብሮቹን «ሌፍት» እና «ቶፕ»ን ከመቀያየር መስኮቱን በ«ትራንስፎርም» ማንቀሳቀስ ይሻላል፤ ለብሮውዘሩ ይቀለዋል። በ60 ኸርዝ ስክሪን ለአንድ ፍሬም (ስክሪኑ ላይ ለሚሳል አንድ ምስል) ያላችሁ 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው።

መጎተት የማይችሉ ሰዎችንም አትርሱ። በ2023 የወጣው የዌብ ተደራሽነት መመሪያ 2.2 በመጎተት የሚሠራ ነገር ሳይጎትቱም እንዲሠራ ይጠይቃል። ለምሳሌ መስኮቱን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚያስጠጋ ቁልፍ ጨምሩ። ቁልፉ በኪቦርድም የሚደረስበት ይሁን። መስኮት ሲዘጋ ፎከሱን (ኪቦርዱ የሚሠራበትን ቦታ) ወደ ከፈተው ቁልፍ መልሱት፤ አለበለዚያ በኪቦርድ የሚሠራው ሰው ገጹን ከላይ ጀምሮ እንደገና ሊያስስ ነው።