የኤአይ ቀጠሮ ረዳት ከመምረጣችሁ በፊት በሰዓታችን ፈትኑት

መጀመሪያ አንድ ሳምንት ጊዜያችሁ የት እንደሚሄድ ወረቀት ላይ ጻፉ። መሳሪያዎቹ ሁሉ አንድ ይመስላሉ እንጂ የሚፈቱት ችግር ለየቅል ነው።

ጊዜያችሁን የሚበላው "መቼ ይመቻል? ሐሙስስ? ሐሙስ አልችልም" የሚለው ምልልስ ከሆነ ኤአይ ጭራሽ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ካለንድሊ የተባለው የቀጠሮ መያዣ ይበቃል። ክፍት ሰዓታችሁን ታስገባላችሁ፣ ሊንኩን በቴሌግራም ትልካላችሁ፣ ሰውየው የሚመቸውን ይመርጣል፣ አለቀ። ነጻው ፓኬጅ የሚፈቅደው አንድ ዓይነት ቀጠሮ ብቻ ነው፤ ለብዙ ሰው ግን ከበቂ በላይ ነው። (መሥራቹ ቶፔ አዎቶና ናይጄሪያ የተወለደ ነው፤ ይህን ሳውቅ ደስ ብሎኛል።)

ችግራችሁ የራሳችሁ ሥራ ቦታ ማጣቱ ከሆነስ? ቀኑ በስብሰባ አልቆ ሪፖርቱን ማታ ቤት የምትጽፉ ከሆነ ሪክሌም የተባለውን የኤአይ ረዳት ሞክሩ። "በሳምንት 4 ሰዓት ለሪፖርት" ትሉታላችሁ፤ ካላንደራችሁ ላይ ክፍት ቦታ ፈልጎ ይይዝላችኋል፣ ስብሰባ ሲመጣበት ወደ ሌላ ሰዓት ያዛውረዋል። ነጻ ፓኬጅም አለው። ሞሽን የተባለው ሌላው ረዳት ከዚህ አልፎ ሥራዎቻችሁን ከነማስረከቢያ ቀናቸው ተቀብሎ ቀኑን ሙሉ ራሱ ይደለድላል፣ ግን የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ያስከፍላል። አለቃው በየሰዓቱ ለሚጠራው ሰው ሞሽንን አልመክርም፤ ፕሮግራሙ ሲገለባበጥ ይውላልና።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሰዓታችን። አንዱን የኤአይ ረዳት "ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ከደንበኛዬ ጋር ስብሰባ ያዝልኝ" ብዬ በአማርኛ ጻፍኩለት። 3:00 ኤኤም ላይ አስቀመጠው፣ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት ነው። ግብዣው ለሴትየዋ ደርሷል። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ በጣም ነው ያፈርኩት። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ረዳት በሦስት ነገር ሳልፈትን አልጀምርም፦ "ነገ ጠዋት 3 ሰዓት"፣ "ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል" እና "ጳጉሜን 2"። የመጀመሪያውን 09:00፣ ሁለተኛውን 15:30፣ ሦስተኛውን ሴፕቴምበር 7 ላይ ማስቀመጥ አለበት። አንዱን ከሳተ በአማርኛ ሰዓት አትዘዙት፤ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፉለት፣ ግብዣ ከመላኩ በፊትም እናንተን እንዲጠይቅ አድርጉት።

ከአዲስ አበባ ሆናችሁ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር ለምትሠሩ ሌላም አለ። አሜሪካኖቹ በማርች ሁለተኛ እሁድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፉታል፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ይመልሱታል። የእኛ አይነቃነቅም። ስለዚህ ልዩነቱ አንዴ 7፣ አንዴ 8 ሰዓት ነው፤ እነሱ በራሳቸው ሰዓት ጠዋት 10:00 ላይ የሚጠሩት ስብሰባ ለእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት የነበረው በኖቬምበር ምሽት 12 ሰዓት ይሆናል፣ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመጣ ወላጅ ይህቺን አንድ ሰዓት ያውቃታል። ጉግል ካላንደር ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሁለተኛ የሰዓት ቀጠና ጨምሩ። በነጻ ነው።

የእነዚህ ረዳቶች ክፍያ በአብዛኛው ዓለም አቀፍ ካርድ ይጠይቃል፣ ካርድ ከሌላችሁ ሥራችሁን ሁሉ በሚያልቅ የሙከራ ጊዜ ላይ አትገንቡ።

ረዳቱ ፈቃድ ሲጠይቃችሁ ደግሞ "አሎው" ከማለታችሁ በፊት አንብቡ። ካላንደር ማየት ሌላ ነው፣ ኢሜይል ማንበብ ሌላ። ካላንደራችሁ ላይ የታካሚ ወይም የደንበኛ ስም ካለ መጀመሪያ የመሥሪያ ቤታችሁን አይቲ ጠይቁ፣ ያ መረጃ የእናንተ ብቻ አይደለም።

አንዱን መርጣችሁ ሁለት ሳምንት ሥሩበት። ካልተስማማችሁ አፑን ከስልክ ማጥፋት አይበቃም፤ ጉግል አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ የሰጣችሁትን ፈቃድ አንሱ።