ኮይሉና ጥጡ በእጅ የሚገጠም የቬፕ ታንክ ሲያፈስ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ የቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ኮይላቸውን፣ ማለትም ፈሳሹን የሚያሞቀውን የሽቦ ጥቅል፣ ራሳቸው ለሚጠመጥሙ ወይም ዝግጁ ኮይል ገዝተው ጥጡን ራሳቸው ለሚያስገቡ፣ ከማብራታቸውም በፊት ኦሙን (የኮይሉን የኤሌክትሪክ መቋቋም) ለሚለኩ ሰዎች ነው። ክዳኑ መጥበቁን፣ መስታወቱ አለመሰንጠቁንና ኦሪንጎቹ (የጎማ ማሸጊያ ቀለበቶቹ) በየቦታቸው መኖራቸውን አስቀድመው እንዳዩ ስለማምን በዚያ ላይ አልቆይም። እዚህ ጀርመን ያሉ የሐበሻ ወዳጆቼ «ይህ ታንክ ተበላሽቷል፣ ሌላ ልግዛ» እያሉ የሚያመጡልኝን ስፈታ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው ከታንኩ ሳይሆን ከጥጡ አቆራረጥ ሆኖ ይገኛል። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው የትምባሆ ምርቶች መመሪያ መሣሪያውም ሆነ የፈሳሹ ጠርሙስ እንዳያፈሱ ተደርገው እንዲሠሩ ያስገድዳል፤ ይሁን እንጂ መመሪያው የሚያዝዘው አምራቹን እንጂ በእርስዎ እጅ ያለውን መቀስ አይደለም።

በመጀመሪያ ፈሳሹ ከየት እንደሚወጣ ይለዩ

ታንኩን ከባትሪው ሳጥን ይንቀሉት፣ ከውጭ በደንብ ያድርቁት፣ ነጭ ሶፍት ላይ ቀጥ አድርገው ለግማሽ ሰዓት ያቁሙት። እርጥበቱ ከንፈር በሚነካው ጫፍ ላይ ብቻ ከሆነ ታንኩ አላፈሰሰም፤ ጭሱ ቀዝቅዞ ወደ ጠብታ የተለወጠ ነው፣ ይጥረጉትና ይቀጥሉ። በመስታወቱ ጠርዝ ዙሪያ ከሆነ ኦሪንግ ነው። ከታች መሐል ላይ፣ ከባትሪው ጋር በሚገናኘው ሚስማር ዙሪያ ከሆነ በአዎንታዊው ምሰሶ ሥር ያለው መለያያ (ኤሌክትሪክ የማያሳልፈው ቀለበት) ላልቷል ወይም ተሰንጥቋል፤ ፈትተው ያጥብቁት፣ ካልሆነ ይቀይሩት። ከአየር ቀዳዳዎቹ ከሆነ ግን፣ እንደ እውነቱ ከሆነ የሚመጣልኝ ሁሉ ማለት ይቻላል ይኸው ነው፣ ቀጣዩን ክፍል በጥንቃቄ ያንብቡ።

ከአየር ቀዳዳው የሚያንጠባጥብ ታንክ

መንስኤውን ለመረዳት ፈሳሹ ታንኩ ውስጥ ለምን እንደሚቆም ማወቅ ያስፈልጋል። የጫጩት ውኃ ማጠጫ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ የተገለበጠው ጠርሙስ ውኃውን የሚለቅቀው አየር ወደ ውስጥ በገባለት መጠን ብቻ ነው። ታንኩም ከላይ ዝግ ስለሆነ ፈሳሹ ትንሽ እንደወረደ በላዩ ያለው አየር ይሳሳና ፈሳሹን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ሲስቡ ኮይሉ ጥጡን ያደርቃል፣ ጥጡ ከቦዩ (ፈሳሹ ከታንኩ ወደ ጥጡ ከሚያልፍበት ክፍተት) ይጠጣል፣ በምትኩ ትንሽ የአየር አረፋ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ጥጡ ፈሳሽ አመላላሽ ብቻ ሳይሆን የቦዩ ውታፍም ነው። በጥጡና በቦዩ ግድግዳ መካከል የስንጥር ያህል ክፍተት ካለ አየር ሳይሳብ ይገባል፣ ፈሳሹም ማንም ሳይጠራው ይወርዳል።

የማያቸው ሰዎች አብዛኞቹ የፈሰሰው ጥጡ ስለበዛ ይመስላቸውና በሚቀጥለው ጊዜ ይቀንሱታል፤ ታንኩም ይብስበታል። አንድ ታክሲ የሚነዳ ወዳጄ በየጊዜው አዲስ ታንክ እየገዛ ኪሱ ሁልጊዜ ይርስ ነበር። ስፈታለት የጥጡ ጫፎች ከኮይሉ እንደወጡ ተቆርጠው ከቦዩ በላይ ተንጠልጥለዋል፤ ቦዮቹ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነበሩ። ያንኑ «የተበላሸ» ታንክ፣ ያንኑ ኮይል፣ ረዘም ባለ ጥጥ ገጥሜ ሰጠሁት፣ መፍሰሱም ቆመ። ሌላዋ ወዳጄ ደግሞ በተቃራኒው ቦዩን በካቻቢቴ ጫፍ እየጠቀጠቀች ሞላችው፤ አላፈሰሰም፣ ግን ፈሳሽ አልደርስ እያለው ጥጡ ተቃጠለ። እሷም መፍትሄ ብላ ጥጡን በመርፌ በሳችው፤ መርፌው የከፈተው ቀዳዳ አየር የሚገባበት መንገድ ሆነና የተቃጠለውም የሚያፈሰውም አንድ ታንክ ሆነ። እባክዎ ጥጥ አይብሱ፤ አውጥተው በአዲስ ይቀይሩት፣ ከዚህ ሁሉ ዕቃ ርካሹ ጥጥ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የውስጥ ስፋቱ 3 ሚሊሜትር የሆነ ኮይል ከሆነ፣ ጥጡ ሲሳብ ለስለስ ያለ መያዝ ሊኖረው ይገባል፤ ኮይሉን እያጣመመ ከሄደ በዝቷል፣ በራሱ ክብደት ከተንሸራተተ አንሷል። ሁለቱን ጫፎች እስከ ዴኩ (ኮይሉ የሚታሰርበት ወለል) የውጭ ጠርዝ ድረስ አስቀርተው ቀሪውን ሰያፍ አድርገው ይቁረጡ። ከዚያም ጫፎቹን በወረንጦ አበጥረው ያሳሱ፤ መሳሳት ያለበት ቦዩ ውስጥ የሚገባው ክፍል እንጂ ኮይሉ ውስጥ ያለው አይደለም። ጫፉን ሳይጫኑ ቦዩ ላይ ያስተኙት፤ የቦዩን ስፋት ከጥግ እስከ ጥግ መሸፈን አለበት፣ በተለይ ሁለቱ ማዕዘኖች ይረሳሉ። ጫፉ የቦዩን ወለል ለመንካት ያህል ይድረስ እንጂ ታጥፎ ከሥር አይከማች። ከኮይሉ ሥር ወደ አየር ቀዳዳው የተንጠለጠለ የጥጥ ጭራ ካለ ያስወግዱ፤ ፈሳሹ እሱን ይዞ በቀጥታ ይወርዳል።

አሁን ጥጡን በፈሳሽ እስኪጠግብ ያርሱትና እንደገና ይመልከቱ። ይህችን እርምጃ የሚዘልል ሰው ብዙ ነው። ደረቅ ጥጥ ተነፍቶ ቦዩን የሞላ ይመስላል፤ ሲርስ ግን ይሟሽሽና ከግድግዳው ይሸሻል፣ ክፍተቱም የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ክፍተት ካዩ በወረንጦ ገፋ አድርገው ይሙሉት፤ ጥጡ ካልበቃ ከመጀመሪያው ይጀምሩ፣ ቁራጭ ጥጥ አይለጥፉበት።

ቀጥሎ የሚመጣው ደወል መሰሉ የኮይል ክዳን ነው። በጥርስ የሚጠብቅ ከሆነ ሲዞር የጥጡን ጫፍ ይዞ ይጎትታል፣ ያማረውን ሥራ በአንድ ዙር ያበላሻል። ጫፎቹ ከዴኩ ጠርዝ ወደ ውጭ ካልወጡና በደንብ ከረጠቡ ክዳኑ አይነካቸውም። ከጠበቀ በኋላ በቦዩ በኩል አጮልቀው ነጭ ጥጥ ቦታውን እንደያዘ ያረጋግጡ። ባዶ ብረት ከታየዎት አይሙሉት፣ ይፍቱት።

ሲሞላ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ

መሙያውን ሲከፍቱ ፈሳሹን ይዞት የነበረው የሳሳ አየር ይጠፋል፤ ክዳኑን መልሰው ሲያጠብቁ ደግሞ ውስጥ ያለው አየር ይታመቅና ፈሳሹን በጥጡ በኩል ይገፋዋል። ስለዚህ ከመሙላትዎ በፊት የአየር ቀለበቱን (የአየር ቀዳዳዎቹን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን) ይዝጉ፣ የፈሳሽ መቆጣጠሪያ ያለው ታንክ ከሆነም እሱን ጭምር ይዝጉ። እስከ አፉ አይሙሉ፣ ለአየር ትንሽ ቦታ ይተዉ። ክዳኑን ካጠበቁ በኋላ ታንኩን ገልብጠው ይያዙትና ያን ጊዜ የአየር ቀለበቱን ይክፈቱ፤ ተገልብጦ ሳለ ከቦዩ አጠገብ ያለው አየሩ ስለሆነ ግፊቱ የሚተነፍሰው በአየር እንጂ በፈሳሽ አይደለም። ከዚያ ያቁሙት። በመሐል ያለው ቀዳዳ የጭስ መውጫ ነው፤ እዚያ ውስጥ የሚያፈስሱ ሰዎች አሉ፣ አሁንም ያመጡልኛል።

ሲስቡ የሚንቦጫረቅና ትኩስ ጠብታ የሚተፋ ከሆነ

ኮይሉ ፈሳሽ በዝቶበታል። ወይ ዋቱ ለኮይሉ አንሷል፣ ወይ ፈሳሹ ለቦዩ ቀጥኗል፣ ወይ ቁልፉን ሳይጫኑ ይስባሉ። ግሊሰሪኑ 70 በመቶ የሆነ ፈሳሽ ወፍራም ስለሆነ ለሰፊ ቦይ ይሻላል፤ እኩል በእኩል የተቀላቀለው ቀጭን ስለሆነ የጥጥ ጉድለትን ይቅር አይልም። የተጠራቀመውን ለማውጣት የአየር ቀዳዳውን በሶፍት ይሸፍኑና ታንኩን ወደ ታች ያራግፉ። አፍዎ ላይ አድርገው አያብሩት፣ የሚተፋው ያቃጥላል።

መኪና ውስጥ፣ አውሮፕላን ውስጥ

አየር ሲሞቅ ወይም የውጭው ግፊት ሲቀንስ ይሰፋና ፈሳሹን ይገፋል፤ ሙቀት ፈሳሹን ያቀጥነዋልም። በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ አጋድሞ የተወ ሰው ታንኩን አይውቀስ። በአውሮፕላን ውስጥ የሚኖረው ግፊት ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2400 ሜትር ያህል ካለው ጋር ሊመጣጠን ይችላል፣ ይኸውም የአዲስ አበባን ከፍታ ያህል ማለት ነው። ከመብረርዎ በፊት ታንኩን ባዶ ያድርጉ፤ ባትሪ ያለበት መሣሪያ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ወደ አገር ቤት የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ጨርሰው አይውሰዱት፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ወደ አገር ማስገባትንም መሸጥንም ከልክሏል።

የፈሰሰውን በተመለከተ

ኒኮቲን በቆዳ ይገባል። እጅዎን ወዲያውኑ በሳሙና ይታጠቡ፣ የረጠበ ሱሪ ለብሰው አይዋሉ፣ ሶፍቱን ሕፃን በሚደርስበት ቅርጫት አይጣሉ። በአውሮፓ ኅብረት የተፈቀደው ጣሪያ በሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ነው፤ ሕፃን ቢውጠው ትንሹም አደገኛ ስለሆነ «ጥቂት ነው» አይበሉ። ፈሳሹ ወደ ባትሪው ሳጥን መገናኛ ከገባ ባትሪውን አውጥተው ያድርቁ፣ ኮይሉን ነክተው በገጠሙ ቁጥር ኦሙን እንደገና ይለኩ፤ መከላከያ ሰርኪዩት በሌለው መካኒካል ሳጥን ላይ ይህን መዝለል ከእሳት ጋር መጫወት ነው።

ኦሪንግና ቅጂ ታንክ

በርካሽ ቅጂዎች ላይ የብረቱ ጠርዝ ሳይስተካከል ይቀርና ኦሪንጉን እንደ ቢላዋ ይቆርጠዋል፤ አብሮ የሚሰጠው መለዋወጫ ደግሞ ከዋናው የቀጠነ ሆኖ አይቻለሁ፣ ይህንን ለሰው መሸጥ ድፍረት ነው። አዲስ ታንክ ሲገዙ ፈትተው የፋብሪካውን ዘይት በሞቀ ውኃና በዕቃ ሳሙና ይጠቡ፣ ጠርዙን በጣት ዳስሰው ከሻከረ ይመልሱት። ኦሪንግ ሲገጥሙ በግሊሰሪን ወይም በራሱ ፈሳሽ ያርሱት። ቫዝሊን፣ የምግብ ዘይት ወይም የማሽን ዘይት አይቀቡ፤ ሳንባ ውስጥ የገባ ዘይት ሳንባን ያቆስላል። የፕላስቲክ ታንክ ከሆነ የሎሚና የቀረፋ ጣዕም ያላቸው ፈሳሾች እንደሚሰነጥቁት ይወቁ።

ጥርጣሬው ካልለቀቀዎት ታንኩን አጥበው፣ አድርቀው፣ ያለ ጥጥና ያለ ፈሳሽ ይግጠሙት። የአየር ቀዳዳዎቹን በጣት ወይም በፕላስተር ይድፈኑና ከላይ ይሳቡ። ምንም አየር ካልገባ ማሸጊያው ደህና ነው፤ ወደ መቀሱና ወደ ጥጡ ይመለሱ። አየር ከገባ ኦሪንጎቹን በሙሉ ቀይረው ይድገሙት፣ አሁንም ከገባ ታንኩን ይጣሉት እንጂ ለጓደኛዎ አይስጡት።